ፔኒ ሞተች፤ ወግ አጥባቂ ሰው ይደሰት ወይስ ይዘን?

ባለካሸሩ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ በዋናነት ለቀኞቹ ነው። ግራዎቹም መልሱ፤ ስትስቁ ግን ቀስ በሉ።

ሥራዬ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ካሸር ነው። የማታ ፈረቃ፣ 19 ዓመት። ዜጋ ከሆንኩ ጀምሮ ድምፄን ለሪፐብሊካኖቹ ነው የምሰጠው። የመንግሥት እጅ ሲያጥር ደስ ይለኛል። የቆየ ነገር በችኮላ ሲነካ ደግሞ ያመኛል። እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ ውስጤ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ፔኒ፣ የአሜሪካዋ አንድ ሳንቲም፣ አጣላቻቸው።

ኖቬምበር 12, 2025 ፊላዴልፊያ ውስጥ ለገበያ የምትወጣ የመጨረሻዋ ፔኒ ታተመች። በ1793 የተጀመረው በ232 ዓመቱ አበቃ። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዷን ፔኒ ለመሥራት 3.69 ሳንቲም ይወጣ ነበር። በ2024 በጀት ዓመት ብቻ በፔኒ የደረሰው ኪሳራ 85 ሚሊዮን ዶላር ነው። ገንዘብ እየሠራ የሚከስር! እኔ እንዲህ ብሠራ ሁለተኛ ቀን አላድርም።

ቀኗን ግን ልብ በሉልኝ። በዚያችው ኖቬምበር 12 ማታ ነው፣ 43 ቀን ተዘግቶ የከረመው መንግሥት እንዲከፈት ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት። እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ረጅሙ መዘጋት። መንግሥት "በጀት የለኝም" ብሎ በሩን ጥርቅም ሲያደርግ፣ ሳንቲም የሚያትመው መሥሪያ ቤት ግን ክፍት ነበር። በራሱ ገቢ ስለሚተዳደር ኮንግረስን አይጠብቅም። እንግዲህ ቤቱ በሙሉ ተዘግቶ ክፍት የቀረው ክፍል፣ 3.69 አውጥቶ አንድ የሚያስገባው ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ያለ ደሞዝ አውሮፕላን ሲያሳርፍ ከረመ። የኮንግረስ አባላት ደሞዝ አልተቋረጠም። እነሱ ሳይሠሩ፣ እሱ ሳይከፈለው።

አሁን ወደ እኔ መሳቢያ እንምጣ። ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ የፔኒው ጉድጓድ ባዶ ነው። ውስጡ አንድ ላስቲክና የእስክሪብቶ ክዳን አለ። ባንኩ ፔኒ ስንጠይቀው "የለም" ካለን ቆየ። የፌዴራሉ መንግሥት ፔኒን ሲያስቀር እንዴት እናጠጋጋ ለሚለው ሕግ አላወጣም። ስለዚህ ሕጉን ያወጣው አለቃዬ ነው። በካርቶን ጀርባ፣ በማርከር፦ "በካሽ ለሚከፍል ሁልጊዜ ለደንበኛው እናደላለን።" 7.43 ከመጣ 7.40 እንቀበላለን። ጥሩ። ባለፈው ዓርብ 93 ሰው በካሽ ከፍሎኝ፣ ማታ ስቆጥር መሳቢያው 1 ዶላር ከ86 ሳንቲም ጎደለ። ለእያንዳንዱ ጉድለት ደግሞ ፎርም አለ። ስም፣ ሰዓት፣ ምክንያት፣ ፊርማ። "ምክንያት" የሚለው ላይ "ፌዴራል መንግሥት" ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አልሳቀም።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ጉድለቱ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ሳህን ነበረችን። ትርፍ ፔኒ ያለህ ትጥላለህ፣ የጎደለህ ታነሳለህ። በ19 ዓመት ውስጥ ያቺን ሳህን ገልብጦ የሄደ ሰው አላየሁም። ያለ ቢሮ፣ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ በጀት የሚሠራ የድጎማ ፕሮግራም እሷን ብቻ ነው የማውቀው። ባለፈው ሳምንት አነሳኋት። አሁን የላይተር ማስቀመጫ ሆናለች።

እና ንገሩኝ። ብክነት ቀረ ብዬ ልደሰት? ወይስ 232 ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ማታ ቀረ ብዬ ልዘን?


ሒሳብ ሹሙ

ባለካሸሩ ወንድሜ፣ ተደሰት። እኔም በአንተው ወገን ነኝ፤ ሒሳብ ግን ወገን የለውም።

መጀመሪያ፣ የምታለቅስላት ፔኒ ከሞተች ቆይታለች። እውነተኛዋ የመዳብ ፔኒ በ1982 ነው ያበቃችው። ከዚያ ወዲህ የያዝነው 97.5 በመቶ ዚንክ ነው፤ መዳቡ ላይ ላዩን ብቻ። ያን ጊዜ ሐዘን የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በ1857 ደግሞ ግማሽ ሳንቲም የምትባለውን አስቀርተዋል። ያቺ ግማሽ ሳንቲም በጊዜዋ የነበራት የመግዛት አቅም ከዛሬዋ አሥር ሳንቲም ይበልጥ ነበር። አያቶቻችን በዛሬው ሚዛን ዳይም የሚያክል ገንዘብ ጥለው ንግዳቸውን ቀጠሉ። እኛ በአንዲት ሳንቲም መቶ ዓመት ተከራከርን።

ሁለተኛ፣ ካናዳን እይ። እዚያ ፔኒን ያስቀረው የሃርፐር ወግ አጥባቂ መንግሥት ነው፤ በ2012። ሰማይ አልተደፋም። ልዩነቱ ምን መሰለህ? እነሱ መጀመሪያ በበጀት አስታወቁ። ቀጥሎ የማጠጋጊያ መመሪያ አወጡ። ካሽ ብቻ፣ በመጨረሻው ድምር ላይ ብቻ፣ ቅርብ ወደሆነው አምስት፤ አንዴ ወደላይ አንዴ ወደታች። በ2013 ፌብሩዋሪ ላይ ሥርጭቱ ቆመ፣ አለቀ። እዚህ ግን መጀመሪያ ፔኒዋን አስወገዱ፤ ቀጥሎ "ካሸሮች ይጨነቁበት" ተባለ።

ለአለቃህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ሱቁ ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የመንግሥትን የምግብ ድጎማ፣ የሚቀበል ከሆነ ይጠንቀቅ። የፌዴራሉ ደንብ በፉድ ስታምፕ የሚከፍል ሰው እንደ ሌላው ደንበኛ እኩል ይታይ ይላል። ያ ሰው በካርድ ስለሚከፍል 7.43 ከተጠየቀ 7.43 ነው የሚቆረጥበት። ካሽ የያዘው 7.40 ይከፍላል። የነጋዴ ማኅበራት "ይህ አድልዎ ነው እንዳንባል ግልጽ መመሪያ ስጡን" እያሉ የጮሁት ለዚህ ነው። በሦስት ሳንቲም ደግነት የፌዴራል ደንብ ጣሰ ተብሎ የሚከሰስ ነጋዴ ማየት አያስቀናም።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፔኒ ሲቀር ኒክል፣ ማለትም አምስት ሳንቲሟ፣ ይበዛል። አንዷን ኒክል ለመሥራት በ2024 በጀት ዓመት ስንት ወጣ? 13.78 ሳንቲም። ከፔኒ ሸሽተን ወደ ኒክል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህች ናት።


የልጆች እናት

እኔ ወደ ፖለቲካው አልገባም። ልጆቼ ለዓመታት የሞሉት የፔኒ ማሰሮ ነበረን። ዜናውን ስንሰማ ተሸክመን ወደ ሳንቲም ቆጣሪ ማሽን ሄድን። ማሽኑ ቆጥሮ፣ የድካሙን ቆርጦ፣ ወረቀት ሰጠን። ትንሹ ልጄ "ማሚ፣ ለምንድን ነው የወሰደብን?" አለኝ። "ለመቁጠሩ" አልኩት። "እኔ በነፃ እቆጥር ነበር" አለ። ዕድሜው 7 ነው። ሲያድግ የማን ወገን እንደሚሆን እናንተ ገምቱ።


ነገረ ሕግ

ሒሳብ ሹሙ ያለው በሙሉ ልክ ነው። ብቻ ባለካሸሩ የጠየቀው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ፔኒ መቅረቷ ሳይሆን የቀረችበት መንገድ ነው የከነከነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ አንድ ክፍል ስምንት ላይ ገንዘብ የማሳተምን ሥልጣን የሰጠው ለኮንግረስ ነው። ኮንግረስም ፔኒን ማስቀረት ዛሬ አይደለም የጀመረው። የአሪዞናው ሪፐብሊካን ጂም ኮልቢ በ2001ም በ2006ም ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ሁለቱም ተንጠልጥለው ቀሩ። ለምን? ቴነሲ ውስጥ የፔኒውን ባዶ ቅርጽ ለመንግሥት ይሸጥ የነበረ የዚንክ ኩባንያ አለ፤ ኢሊኖይ ደግሞ ምስሉ ፔኒ ላይ ያለው የሊንከን አገር ናት። ማንም ተወካይ ለአንድ ሳንቲም ብሎ ጠላት አያፈራም።

ታዲያ በስንት ጊዜ አለቀ? በአንድ ማታ። ፌብሩዋሪ 9, 2025፣ የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ) ዕለት፣ ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ጻፉ። የትሬዠሪው ሚኒስትር ፔኒ ማተም እንዲያቆም አዝዣለሁ አሉ። ሕጉ ያስኬዳል ወይ? በመጠኑ። ሕጉ ሚኒስትሩ ሳንቲም የሚያሳትመው "ለአገሪቱ ያስፈልጋል ብሎ በሚወስነው መጠን" ነው ይላል። ሚኒስትሩም ወሰነ። ዜሮም መጠን ነው።

እኔ በዚህ እስቃለሁም፣ እፈራለሁም። ኦባማ በ2014 ኮንግረስን ሳልጠብቅ የምሠራበት "ብዕርና ስልክ አለኝ" ሲሉ በቀኝ ያለነው ሰዎች ያላልነው አልነበረም። ንጉሥ ሆኑ፣ ኮንግረስን ረገጡ፣ አገር ፈረሰ። እኔ ራሴ እንዲህ ባለ መድረክ ላይ ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። ዛሬ ብዕሩም ቀርቷል፤ ስልኩ ብቻ በቅቷል። እኛም ዝም ብለናል፣ ምክንያቱም የተጻፈው ነገር ትክክል ነው። ነገ በዚያው በር የሚገባው ሰው የጻፈው ትክክል ባይሆንስ? "ዜሮም መጠን ነው" የሚለውን መልስ ያስተማርነው እኛ ነን።


ግራ ጌታ

ጋሽ ባለካሸሩ፣ ስሜ ቀልድ ነው። ቅኔ ቤት በደጁም አላለፍኩም። ግራነቴ ግን የምር ነው። ሳቄን ቀንሼ ልመልስ።

እናንተ ሰዎች በአንዲት ሳንቲም ይህን ያህል ስትብሰለሰሉ፣ መንግሥቱን የከፈተውን ሕግ ሆዱን አይታችሁታል? ሴኔት ላይ አንዲት አንቀጽ ሹልክ ብላ ገብታ ነበር። በምርመራ ምክንያት የስልክ መዝገቡ ሳይነገረው የተወሰደበት ሴናተር መንግሥትን ከሶ ለእያንዳንዱ ጥሰት ቢያንስ 500,000 ዶላር እንዲያገኝ ትፈቅድ ነበር። ወደኋላም ተመልሳ ከ2022 ጀምሮ እንድትሠራ ነበር የተጻፈችው። ፉድ ስታምፕ ተቋርጦባቸው ሰዎች ሰልፍ ላይ ሲቆሙ፣ ሴናተሮቹ ለራሳቸው ሰልፍ የሌለው መስኮት ከፈቱ።

የታችኛው ምክር ቤት እንኳ አፈረ። በሳምንቱ "ትሻር" ብለው 426 ለ0 ድምፅ ሰጡ። 426 ለ0! እነዚህ ሰዎች ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ለመስማማት እንኳ ኮሚቴ ያቋቁማሉ።

ስለዚህ የመንግሥት ብክነት ስትሉኝ ፔኒን አታሳዩኝ። ደግሞ ስለ ፔኒ ካነሳን፣ ዲሴምበር ላይ የሆነውን አልሰማችሁም መሰለኝ። የመጨረሻዎቹን ፔኒዎች የኦሜጋ (የመጨረሻዋ የግሪክ ፊደል) ምልክት አድርገውባቸው ሦስት ሦስት እያደረጉ 232 ጥቅል ሠሩ። በየጥቅሉ ውስጥ አንዷ ወርቅ ናት። ለጨረታ ሲወጡ በጠቅላላው ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። የመጨረሻው ጥቅል ብቻውን 800,000 ዶላር። ሦስት ሳንቲም በ800,000! ፔኒ በሕይወቷ ያላተረፈችውን በተዝካሯ አተረፈች። ገበያ ነፃ ሲሆን ደስ ይላል አይደል?


ሒሳብ ሹሙ

ግራ ጌታ፣ በዚህ ሒሳብ በየዓመቱ አንድ ሳንቲም ብንገድል የአገሪቱ ዕዳ ያልቅ ነበር። ለፕሬዚዳንቱ ስልክ ላይ ላክላቸው።


ባለካሸሩ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ማታ ነው በእረፍት ሰዓቴ ሳነባችሁ የከረምኩት።

ሒሳብ ሹሙ፣ የ1982ቱን አላውቅም ነበር። ማታ አንዷን ሳህኗ ሥር ተረስታ ያገኘኋትን ፔኒ በቁልፌ ፋቅኋት። እውነትህን ነው፤ ከውስጥ ነጭ ናት። 19 ዓመት ሙሉ ሰው እጅ ላይ ሳስቀምጥ የኖርኩት ቀለም የተቀባ ነገር ነው። የፉድ ስታምፑን ነገር ለአለቃዬ ነገርኩት። ካርቶኑን አወረደው። ለሁለት ሰዓት ምንም ሕግ ሳይኖረን ሠራን። ከዚያ ጠበቃ ይሆን የእህቱ ልጅ፣ ማንን እንዳማከረ አላውቅም፣ መልሶ ሰቀለው። ከታች "ካሽ ብቻ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ነገረ ሕግ፣ አንተ ነህ ቁስሉን ያገኘኸው። ፔኒን መቅበሩ ልክ ነው። እኔ ኮንግረስ ውስጥ ብሆን እጄን አወጣ ነበር። ግን ሟች ሲቀበር ሰው ይጠራል፣ ቃል ይነገራል። በኳስ ማታ በስልክ አይቀበርም። የኦባማን ጊዜ ያነሳኸው ደግሞ ወጋኝ። እኔም ያኔ ካሸር ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ለደንበኛው ሁሉ "ንጉሥ አይደለም እኮ!" እያልኩ አስቸግር ነበር። አንዱ ደንበኛ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። አሁን ሲገባ "እህ፣ ንጉሡ እንዴት ነው?" ይለኛል፣ ሲጋራውን እየጠቆመ። መልስ የለኝም። ሲጋራውን እሰጠዋለሁ።

ግራ ጌታ፣ ስለ 500,000 ዶላሩ ልከራከርህ አልችልም። ያቺን አንቀጽ ያስገቡት የእኔ ወገኖች ናቸው። እኔ ለ1 ዶላር ከ86 ሳንቲም ፎርም ሞልቼ የፈረምኩ ሰው ነኝ፤ እነሱ ምን ፎርም እንደሞሉ ብታውቅ ንገረኝ።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ረስታችኋል፣ በየቀኑ ከሥሩ እያለፋችሁ። ደጃችን ላይ ያለውን የነዳጅ ዋጋ ሰሌዳ እዩት። ከትልቁ ቁጥር ጎን በትንሹ 9/10 የሚል አለ። የአንድ ሳንቲም ዘጠኝ አሥረኛ። በየማደያው፣ በመላ አገሪቱ። የሳንቲሟን አሥረኛ ማንም ካሸር ሰጥቶ፣ ማንም ደንበኛ ተቀብሎ አያውቅም። አሁን ሙሉዋም ሳንቲም ሞታለች። አሥረኛዋ ግን ሰሌዳው ላይ መብራት በርቶላት ቆማለች። አለቃዬን "ይህችን መቼ ነው የምናወርዳት?" ብዬ ጠየቅኩት። እንደ እብድ አየኝ። እንግዲህ ወግ አጥባቂነት ይህ ነው ከተባለ፣ ከእኔ የሚበልጥ አለቃዬ ነው።

እና የማክሰኞውን ልንገራችሁና ላብቃ። አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ማታ ማታ ጋዜጣና ወተት የሚገዙ። ሁልጊዜ ካሽ ነው። ባለፈው ሰኞ ሒሳባቸው 7.43 መጣ፣ አሥር ዶላር ሰጡኝ፣ 2 ዶላር ከ60 መለስኩላቸው። ቆጠሩት። "ሦስት ሳንቲም አብልጠሃል" አሉኝ። ካርቶኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። "ይህ የአለቃህ ነው፤ የእኔ አይደለም" አሉ። "ጌታዬ፣ ፔኒ የለኝም፤ ልመልስልዎ ብልም አልችልም" አልኳቸው። ኋላቸው ሰልፍ ነበር። ጥለውኝ ወጡ፤ የተቆጡ መሰለኝ።

ማክሰኞ ማታ ተመለሱ። ጋዜጣም ወተትም አላነሱም። ቀጥ ብለው መጡና ከኮታቸው ኪስ ሦስት ፔኒ አውጥተው አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አንዷ ጠቁራለች፤ ምናልባት የመዳብ ዘመኗ ናት። "ቤት ማሰሮ አለኝ" ብቻ ነው ያሉት። "እግዜር ይስጥልኝ" የሚለው በአማርኛ አመለጠኝ። እሳቸው "ዩ ቱ" ብለው ወጡ።

ሦስቱን ፔኒ ላስቲኩን አንስቼ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ አስገባኋቸው። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ያን ዕለት ካሽ የከፈለው ሁሉ ድምሩ በዜሮና በአምስት ነው ያለቀው፤ ምን ዓይነት ዕድል እንደሆነ አላውቅም። መሳቢያው ምንም አልጎደለም። በሦስት ሳንቲም በልጧል። ለካ ሲበልጥም ፎርም አለው። ቢጫ ነው። በ19 ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።